የዊላዲን መነጽር

ኬንታኪ ሸለቆ፣ ከሰል ባጠቆረው፣
የዊላዲንን ዓይን ሞራ ከሰወረው
ሰባት ዓመት ሆኖት፣ ድንገት ካርድ መጣላት፣
ያረጋውያን ሕግ በሩን ከፈተላት።
ከድህነት ጋራ «ጦር ገጠምኩኝ» ያለ
የፕሬዚዳንት ብዕር ሞራ ገፎ ጣለ።
ፋሻው ሲፈታላት፣ «ምን ታያለሽ?» ሲሏት፣
መስኮት ላይ ያረፈች ዝንብ አስገረመቻት።

ስትመለስ ከደጅ አንድ ፖስታ ጠበቃት፤
ጎረቤት ነበረ ፊት የሚያነብላት።
ዛሬ ግን በራሷ፣ በአዲሱ መነጽር፣
ፊደሉን ለቀመች እንደ ድፍን ምስር፤
«የልጅ ልጅዎ ዴልበርት... ቬትናም... በክብር...»

አንዲት ዓይን ያለው ሰው ባፈር አይጫወትም፤
ያ ብዕር ግን ይህን ምሳሌ አያውቅም።

መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛ ላይ ጣለች፤
ወረቀት ጉም ሆነ፤ ጉም ታቅፋ ዋለች።