የመቶ ሰማንያ ዩሮ ዝምታ

የዛገው ብሎን እንቢ አለ፤
ዘይት ጠጣ፣ እሳት ላሰ፣ ከዚያ ተነቀለ።
ቤልሚሮ ተንጋሎ፣ ከዳቦ መኪናው ሆድ ሥር፣
ዝገት ከቅንድቡ እያራገፈ ከዳዶ ጋር ሲከራከር፣
አሮጌው ማርሚታ፣ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ፣
ደረቱ ላይ ወደቀ አንዴ አቃስቶ።

በነጋታው ከሞንታሌግሬ በላይ ዳገቱን ሲያያዘው
ሞተሩ የጠገበ ድመት ነው፣ ነፋሱ በለጠው።
ከየደጁ ማንም አልቆመም።
ሦስት ኩርባ ሲቀረው ሳንቲሟን ቆጥራ የምትወጣው
ዶና ኢዳሊና እንኳ የለችም።

አንኳኳ። «መቼ መጣህ?» አለች፣ በእጇ የሳሙና አረፋ፤
«ጆሮዬን ጥዬ ነበር፤ ያ ጩኸትህ የት ጠፋ?»

ምን ይበል? ዳቦዋን ሰጥቶ ትንሽ ቆመ።
ቁልቁል ሲነዳ፣ ከባዶ ቅርጫቶች መሃል፣
አሮጌው ቱቦ በየኩርባው አጉረመረመ።