የቦቴ ነጂው መላ ምት

ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፣ አሥር ሺህ ሊትር ጭኖ፣
ከካላማ እስከዚህ ጫፍ፣ በአታካማ አቧራ ታፍኖ፤
ኤውሎሂዮ ቾኬ፤ ስልሳ አንድ ነው ዓመቱ፣
የጎበጠው ወገቡ ነው፣ አልጎበጠም አንደበቱ።
እኔ ደረሰኝ እፈርማለሁ፤
ሌሎች ኮከብ ይቆጥራሉ፣ እኔ የሚጠጡትን ውሃ እቆጥራለሁ።
ስድስት ዓመት ኖሬ እዚህ፣ በዚያ ትልቅ መነጽር አንዴም አላየሁ፤
እነሱም በዓይናቸው አያዩም፣ ቁጥር ሲያነቡ ነው የማያቸው፣ ቡና ቤት ስገባ፣ በመስኮቱ እያለፍኩ።

ጋኑ እስኪሞላ ድረስ፣ ቱቦው እያንጎራጎረ፣
ከጋቢናው ደብተር ያወጣል፣ ጠርዙ በናፍጣ የጠቆረ።
«ተሳስተዋል» ይለኛል፣ አገጩን ወደ ጉልላቱ ቀስሮ፣
«ዓለም ፈንድቶ አያውቅም፤ ነበረ፣ አለ፣ ይኖራል፤ ማን አየው ተጀምሮ?
መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ደመወዝ ጠባቂን ነው፤
ሰማይን ማን ቀጠረው?

ብርሃን ይደክመዋል። ይኸው ነው ነገሩ።
ቢሊዮን ዓመት የነዳ ሹፌር አስብ፣ ሳያርፍ ከመንበሩ፣
ሻይ ያልጠጣ፣ ጎማ ያልቀየረ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ፤
ዓይኑ ቢቀላ ይገርማል፣ ደጅህ ሲደርስ ያ እንግዳ?
እኔስ ከኢኪኬ በአንድ ሌሊት ስመለስ፣
ዓይኔ በርበሬ አይመስልም፣ እስኪነጋ ድረስ?
እነሱ ቅላቱን አይተው ‹ሁሉም እየሸሸ ነው› አሉ።
ማንም አልሸሸም፤ ኮከቦቹ እዚያው አሉ።»

አንድ ቀን ሽንት ቤት ሲሄድ ደብተሩን ገለጥኩት።
ገጽ አሥራ ሁለት፦ ዓለም የጨው ሐይቅ ናት፣ ውሃዋ ተኖ ያለቀ፤
ኮከብ ማለት ከታች የቀረው ጨው ነው፣ የደረቀ።
ተሰርዟል።
ገጽ ሠላሳ፦ በጥቁር ጉድጓድ ሆድ ውስጥ ነን፤
ለዚህ ነው ማታ ማታ የሚጨልመን።
ሁለት ጊዜ ተሰርዟል።
ገጽ አርባ አራት፦ ሌላ ዓለም አለ፣ ጊዜው እንደ መስተዋት የተገለበጠ፤
እዚያ ዓርብ ይቀድማል፣ ሐሙስ ይከተላል፤
እዚያ ሬሚሂያ ከሆስፒታል ወደ ቤት ትመጣለች፣
ሳሏ ይቀንሳል፣ ፀጉሯ ይጠቁራል፣
አንድ ቀን ስሜን አታውቀውም።
አልተሰረዘም።

ባለፈው ሳምንት ራግንሂል ወረደች፣ ከኖርዌይ የመጣችው፣
ቀን ተኝታ ማታ የምትነሣው፤ የጥርስ ብሩሽ ይዛ ውሃ የጠበቀችው።
አልሳቀችበትም። ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ከዚያ፦
«ሩቅ ያሉ ከዋክብት ሲሞቱ አይተናል።
እዚህ ቅርብ በሃያ ቀን የሚከስም ነበልባል፣ እዚያ አርባ ይፈጃል፤
ሞታቸው ራሱ ተለጥጦ ነው የሚደርሰን።
ድካም ዓይን ያቀላል፣ ኤውሎሂዮ፤
ሞትን ግን አያዘገይም።»

ዝም አለ። ቱቦው ብቻ።
ገጽ አርባ አራትን አስቤ መሬት መሬት አየሁ።
እሱ እስክሪብቶውን ከጆሮው አወረደ፤
በደረሰኜ ጠርዝ ለክቶ፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ ብርሃንን ከነድካሙ ሰረዘ።

«ከፍንዳታው በፊትስ ምን ነበር?» አላት።
«በፊት የሚባል የለም የሚሉ አሉ» አለች፤ ብሩሹን አገላብጣ አየችው፤ «እኔ አላውቅም።»
«ጻፊው» አላት። አንድ ሙሉ ገጽ ሰጣት።
አላውቅም ብላ ጻፈች፤ ቀንም አኖረችበት።

ሲመሽ ቁልቁል ወረደ፣ የፊት መብራቱን አደብዝዞ፣ እዚህ ደንቡ ነውና፤
የኋላው ቀይ ብቻ ቀረ፣ በጠመዝማዛው ጎዳና፤
እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ፤
ርቆ ይሁን ደክሞት፣ እኔ ከቆምኩበት አይለይም።

ጋኑን ለካሁ፦ ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ።
ደረሰኙ አሥር ሺህ ይላል።
ሁልጊዜ ይጎድላል፤ የት እንደሚሄድ ማንም አላወቀ።
ፈረምኩ።