ሸምበቆና ብረት

አንዱ ማዳመጫ ከጆሮዬ ወልቆ፣
ከወንበር ሥር ሆኖ ሲያጓራ ተደብቆ፣
«ምን ነካብኝ?» አለ ባለባጃጁ ደንግጦ፣
ሞተሩን አጠፋ ሽምብጥ መታጠፊያ፣ መሪው ላይ አፍጦ።

ሞተርህ ደኅና ነው፤ ሙዚቃ ነው አልኩት፣
ሣቄን በነጠላ አፍኜ እየያዝኩት።
«ይሄ?» አለ።
«ይሄ።»
ጭኔ ላይ የተኛውን ጥቁር ሣጥን አየ፣
የክላሪኔት ቤት ነው ስለው የባሰ ግራ ገባው።
መልስ ሲሰጠኝ አምስት ብር አጎደለ፤
የድንጋጤው ካሣ ነው ብዬ ተውኩለት።

ልምምድ አሥር ሰዓት፣ አሮጌው አዳራሽ።
ሁለት ክላሪኔት፣ አንድ ፍሉት፣
አንዲት ኦቦ፣ ምላሷ ካለቀ ሁለት ወር ያለፋት።
የኦቦ ሸምበቆ ባሕር ዳር አይሸጥም፤
ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ይላካል፣ ሰው ከተገኘ።
ሽታሁን ግን መላ አያጣም፤
ከዓባይ ዳር ሸምበቆ ቆርጦ፣
በምላጭ ልጦ፣ በክር አስሮ፣
ሲነፋው እንደ ዳክዬ ጮኸ።
«ይሄማ ድምፃዊ ይወጣዋል» አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ።
የትኞቹን ድምፃውያን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤
ጸጉራቸው ወገባቸው የደረሰ፣
ጉሮሯቸው በጠጠር የታጠበ።

ጋሽ ደምለው አልሳቁም።
ሠላሳ ዓመት በጦር ሠራዊት ባንድ የነፉ ሰው፣
ትንፋሽን እንደ ጤፍ የሚሰፍሩ፤
«ቆጥቢ ልጄ፣ ቆጥቢ፤
ያለቀ ትንፋሽ ከጎረቤት አይበደሩትም።»

መብራት ጠፋ።
በዝግታው ክፍል መሐል፣ ሁላችን ዝም ባልንበት እረፍት ላይ፣
ቦርሳዬ ማጓራት ጀመረ።
ስልኬ ነው፤ ራሱን በራሱ ከፍቶ፣
ጊታሩ እንደ መጋዝ፣ ከበሮው እንደ በረዶ በቆርቆሮ ላይ፣
እጄ በጨለማ ዚፑን ፍለጋ ሲዳክር፣
«ተይው» አሉ ጋሽ ደምለው። «ስጪኝ።»

ስልኩን በደህናው ጆሯቸው ያዙት።
ፊታቸው በስልኩ ብርሃን ሰማያዊ ሆነ።
ኀፍረቴን ምን ልበል? እናቴ ማስታወሻዬን ያነበበች ቀን እንኳ
እንዲህ አልሆንኩም።
ከዚያ የቀኝ ጫማቸው ወለሉን ነካ፤
አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት፣
አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት።
«ሰባት ነው» አሉ።
ቆየት ብለው፣ «ከበሮ መቺው ይቸኩላል።»
ስልኬን መለሱልኝ።
«ከመጀመሪያው። ቀስ ብላችሁ።»
በጨለማ፣ ያለ ወረቀት፣ ከመጀመሪያው ነፋን።
እንደዚያ ቀን ነፍተን አናውቅም፤
ወይም መብራት ስላልነበር እንደዚያ መሰለኝ።

«እንጨት ይዘሽ እንዴት ብረት ትወጃለሽ?»
እያለ የሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ና ላሳይህ ይኸው፤
ገላዋ እንጨት ነው፣ አልካድኩም፣ ምላሷም አገዳ፣
ጣቴ የሚያርፍበት ግን ብረት ነው ባዳ።
ብረቱ ባይዘጋው፣ ባይከፍተው ቀዳዳዋን፣
ማን ይሰማው ነበር የእንጨቷን ኀዘኗን?

ሲመሽ ከሽታሁን ጋር ወደ ሐይቁ ወረድን፤
ዓባይ ከጣና ከሚለይበት፣
ታንኳዎቹ ተገልብጠው ደንገላቸው ከሚደርቅበት።
አንድ ማዳመጫ ለእሱ፣ አንድ ለእኔ፣
ጭንቅላታችንን እየነቀነቅን፤
ዓሣ ሻጯ የምትነቀንቂው ዋጋው ተወዶብሽ ነው ብላ
አሥር ብር ቀነሰችልኝ።

ኋላ ሣጥኔን ከፈትኩ፣
የክላሪኔቴን የመጨረሻ ዝቅተኛ ድምፅ ነፋሁ፣
ትንፋሼን ሳልቆጥብ፣ እስኪያልቅ።
ከደንገሉ ውስጥ ጉማሬ መለሰ፤
ከእኔ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ።
ጋሽ ደምለው ቢኖሩ «ተቃኙ» ይሉ ነበር፤
ማን ወደ ማን እንደሆነ እንጃ።