የሚጠራ ጨው

ሚናቤ ዝናብ ነው፤ የሰኔ ጉም ዝናብ፣
ባሕርና ተራራው ባንድ ግራጫ ድባብ።
እናቴ ቺዮኖ ጋኑን ታቅፋለች፤
አንድ ረድፍ ፕሪም፣ አንድ ረድፍ ጨው እያለች።
ጠብታ ውኃ እንኳን አትጨምርበትም፤
ከባድ ድንጋይ ጭና ዞራም አታየውም።
"ተዪው" ትለኛለች፣ "ራሱ ያለቅሳል።"
በሦስተኛው ቀን ድንጋዩ ሰምጦ ውኃ ላዩ ይቆማል።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ በጠመኔ ስዬ
ለልጆች እነግራለሁ፣ "ገለፈት" ነው ብዬ፦
"ግድግዳ አይደለም፤ መርጦ የሚያሳልፍ በር ነው፤
ውኃ ጨው ወዳለበት ሲያልፍ የምናየው
ተጠምቶ አይደለም፣ ማንም አልጠራውም፤
ወዲህም ወዲያም ያልፋል፣ አንዴም አያርፍም፤
ብቻ የሚወጣው ከሚገባው ይበልጣል፤
ፍሬው ይሸበሸባል፣ ድንጋይ ይዋጣል።"
ልጆቹ ይጽፋሉ። እኔ ግን በልቤ
ወደ እናቴ ቃል ነው ሁሌ መሳቤ።

አባቴ ያሶኪቺ ባንድ ፕሪም ነው የኖረ፤
ሩዙ መሃል ቀይ ነጥብ፣ ጠዋት ጠዋት እያኖረ፣
እስከ ሰባ ዓመቱ። ከዚያ ኩላሊቶቹ፣
እንደ ሠፈራችን፣ ወራሽ እንዳጡት ሱቆቹ፣
አንድ ቀን ሳይናገሩ መዝጊያቸውን ጣሉ።
"ጨው እንግዲህ በቃህ" ሐኪሞቹ አሉ።

ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ታናቤ እወስደዋለሁ፤
አራት ሰዓት ሙሉ ክንዱን አየዋለሁ።
የተቀጠለው ደም ሥር እንደ ቀፎ ይነዝራል፤
ደሙ በቱቦ ወጥቶ ክሮቹ ውስጥ ይገባል፣
ሺህ ሺህ ስስ ክሮች፣ ሆዳቸው ተቦርቡሮ፤
ደም በውስጥ ቁልቁል፣ ውኃ በውጭ ሽቅብ፣ ጎን ለጎን አብሮ።
ዩሪያው ይሻገራል፣ ፖታሲየም ይከተላል፣
የደም ቅንጣት ትልቅ ነው፤ በሩ ጠብቦት ይቀራል።
የሚገፋው የለም። ከብዙው ወደ ጥቂቱ፣
እንደ ጎርፍ ነው ነገሩ፣ ወደ ቁልቁለቱ።

ግን በዚያ በተኛው ሰው፣ በየሕዋሱ በር፣
ሌላ ነው ነገሩ፤ ኩሊ አለ የሚዳክር፤
ሦስት ሶዲየም ያወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል፣
ቁልቁለት ሳለለት አቀበት ይመርጣል።
ደመወዙን ካልከፈሉት አንድ እርምጃ አይሄድም፤
ጌታው ሲያንኮራፋ እርሱ አያንቀላፋም።
ስነግረው አባቴ ሳቀ፦ "ያረፍኩ መስሎኝ!
ስንት ሚሊዮን ኩሊ ኖሯል የተሸከመኝ።
የእነሱን ምሳ ነው የከለከላችሁኝ?"

ባለፈው ዓመት እናቴ ጨው ቀንሳ ሞክራ
ጋኑ ሻገተባት፤ ቀበረችው ማታ፣ ለማንም ሳታወራ።
ዘንድሮ ከአሮጌው አንድ ፕሪም መረጠች፤
ጎድጓዳ ሳህን ውኃ ውስጥ አስቀመጠች፤
ከዚያ በሁለት ጣት ጨው ቆንጥራ ውኃው ላይ በተነች።
"እማ! ጨው ልታወጪ ጨው ትጨምሪያለሽ?"
"ባዶ ውኃ ስግብግብ ነው፤ የዋህ መሰለሽ?
ላዩን ልጦ ይበላል፣ ጣዕሙን ሁሉ ይዞ፤
ጨው ሲጠራው ነው ጨው የሚወጣው ተጉዞ፣
ቀስ ብሎ ከሆዱ። ይህ የሚጠራ ጨው ነው።"
ልዩነቱ ሲያንስ ነው ፍሰቱ የሚለዝበው፣
ልላት ከጅዬ ተውኩት።
ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥታ
ውኃውን ስትለውጥ ሰማሁ፣ በጨለማ ገብታ።

ጠዋት ሩቡን ቆርጣ ሩዙ ላይ ጣለች።
"ሲስተር ሂሳዮ እንዳትሰማ" ብቻ አለች።
አባቴ ዓይኑን ጨፈነ፣ ቁራጯን ባፉ አንከባሎ፤
"ጨው የለውም" አለ። ደግሞ ቆየት ብሎ፣
"ነበረው ግን።"

እናቴ ሳህኑን አነሣች። ውኃውን አልደፋችም፤
ቆማ፣ በመስኮት ዝናብ እያየች፣ ጠጣችው፤ ምንም አላለችም።