የመመለሻ ቀን

ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ፣ ሳቢያን ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣
ሂንዲያ መጽሐፉን አመጣች በእናቷ ሻሽ ጠቅልላ።

ያ አይሁዳዊ ልጅ፣ ሩበን፣ አራት አገር ዞሮ፣
በየደረሰበት «ዳቦ» ማለትን ተምሮ፣
ከባቡር ወርዶ ባቡር ሲሳፈር፣ ሲንገላታ...
«ገጽ አርባ ላይ ውሸት አለ» አለችኝ በዝግታ።

«ቤቱን ለቆ ሲወጣ አላለቀሰም ይላል። እንዴት?
እኛ ከጅጅጋ ስንወጣ፣ በአይሱዙ፣ ሌሊት፣
አባቴ እንኳ አልቅሷል።»

ሦስት ሳምንት አሳልፋለች፤ ቅጣቱን ልናገር አፌን ስከፍት፣
ከጀርባው የተለጠፈው ወረቀት ላይ ጣቷን አሳረፈችበት፦
«‹የመመለሻ ቀን› ይላል።
የመጽሐፉ ነው፣ ወይስ የልጁ?»

ማኅተሙ እጄ ላይ ደረቀ።
ደግሜ አዋስኳት፤
ቀኑን ሳልጽፍ።