አንድ ኩባያ ናፍጣ

ከክላክስቪክ ወጥታ፣ በጥር ውድቅት ሌሊት፣
ዓሣ አስጋሪዋን መርከብ ማዕበል ሲያላጋት፣
ታች፣ ሞተሩ ክፍል፣ ድምፅ ድምፅን ሲውጥ፣
ሆግኒ በመዳፉ ብረት ሲያዳምጥ።

ከፓምፕ እስከ ኢንጀክተር፣ በዚያች ቀጭን ቧንቧ
ናፍጣ ይሮጣል፣ ቢያመልጥ አጥንት የሚገባ፤
ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ጉም ሆኖ ቢወጣ
የጋለው ጭስ ማውጫ ሰበብ መቼ ሊያጣ!

ስለዚህ ለቧንቧው ቧንቧ አለበሱት፤
ለውስጡ እንባ ደግሞ ማጠራቀሚያ ሰጡት፦
ትንሽ ጣሳ ናት፣ በሆዷ ተንሳፋፊ፣
ከፍ ካለ ደወል ነው፣ እንቅልፍ ገፋፊ።

ደወሉ ግን በዚያ ሳምንት አራቴ ዋሸ፤
መርከብ ባጋደለች ቁጥር በከንቱ ጮኸ፣ ሌሊት አበላሸ።
ባርዱር፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ፣
ተንሳፋፊውን በሽቦ አሰረው፣ ቀስ ብሎ፣ አጎንብሶ።

ማንም አላየው በዓይኑ።
የሆግኒ መዳፍ ግን ጣሳዋን ዳበሰ፣ ከታች፣ ከጎኑ፤
ሽቦውን ፈታ። አልተቆጣም። እጅጌውን አጠፈ፦
ክንዱ ከአንጓ እስከ ክርን እንደ ሻማ ቀልጦ የተረፈ።
«ያኔ ቧንቧው ነጠላ ነበር» አለው።
«አምስት ነበርን፣ እዚህ ታች…»
የቀረውን ሞተሩ ዋጠው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የእኛ ሰው፤
የእነሱ ደሴት ግን ዛፍ የለው፣ ነፋስ ነው የሚያርሰው፤
ቅጠላቸው ይህች ናት፦ ጣሳ፣ ተንሳፋፊ፣ ደወል፤
እሷም ካልታሰረች ነው ከነበልባል የምታስጥል።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣
ጮኸች። ባርዱር ሰደባት።
ሄደ ግን።
ጣሳዋ ሞልታለች። ቁጥር አራት ቧንቧ ከልብሱ ሥር ያነባል፤
ከውጭ አንድ ጠብታ የለም፣ ጭስ ማውጫው ለባዶ ይግላል።
ሆግኒን ቀሰቀሰ። ሞተሩን አቁመው ቧንቧውን ቀየሩ፤
ላይ የተኙት ሰዎች፣ ዝምታው ረብሿቸው፣ በጎናቸው ዞሩ።

ሲነጋ ሆግኒ መዝገቡን ገልጦ ብዕር አቀበለው።
«ምን ልጻፍ?»
«የሆነውን።»
ልጁ ኩባያውን አየው፤
ከጣሳዋ የቀዱት ናፍጣ ከዚያች አይበልጥም።
ጻፈ፦ «ቁጥር አራት ቧንቧ ተቀየረ።
ሌላ የሆነ ነገር የለም።»