ኪስ ውስጥ የሚጀምር

ፒያሳ ጁስ ቤቱ፣ ገና በማለዳ፣
ወለሉ ሳይደርቅ፣ ሳይመጣ እንግዳ፣
ብርጭቆው ሌሊቱን በአፉ ተደፍቶ
ትሪ ላይ አድሯል ተኝቶ።
አስካለ ስታነሳው እጇን አየሁት፦
አውራ ጣቷ ቁልቁል፣ ክርኗ ወደ ላይ፣
ለተመልካች የማይመች፣ ጥምም ያለ አያያዝ።
ከዚያ አንድ እጥፍ፤
ብርጭቆው ቀና፣ እጇም አብሮ ቀና፣
አቮካዶው ወረደ፣ ማንጎው ተኛ በላዩ፣
ወሬዋን እንኳ አላቋረጠችም ገና።

«ለምን አዙረሽ ነው የምትይዢው?» አልኳት።
«ምኑን?»
«ብርጭቆውን።»
እጇን አየችው፣ የሰው ዕቃ እንደያዘች፤
ቀጣዩን ልታነሳ ስትል ጣቶቿ አመነቱ፣
እንደማያውቁት ደጅ ቆሙ ፊት ለፊቱ።
በቀናው ያዘችው። ገለበጠችው።
ክርኗ እንደ ዶሮ ክንፍ አየር ላይ ቀረ።
«ኧረ ጋሼ፣ እጄን አስረሱኝ እኮ!»
ሳቀች፤ ፊቷን ወደ መንገዱ መልሳ
ሳታይ አንዱን አነሳች፣
እጇ ወዲያው አስታወሰ።

እጅ እንዲህ ነው፤ ዕዳውን ቀድሞ ይከፍላል፣
ኋላ እንዲመቸው አስቀድሞ ይጣመማል።

እኔም ነበረኝ እንዲህ ያለ እጅ።
ዶሮ ማነቂያ፣ ከግቢው ሁለተኛው በር፣
ቁልፉ የጣልያን፣ ወደ ግራ ሁለቴ የሚዞር፣
ሁለተኛው ላይ ነከስ የሚያደርግ።
ሠላሳ አንድ ዓመት
እጄ ከኪሴ ሳይወጣ ሥራውን ይጀምር ነበር፦
ወርቅ ቤቶቹ ጋ ቁልፉን በጥርሱ ይለየዋል፣
መታጠፊያው ላይ መዳፌ ወደ ሰማይ ይዞራል፣
በሩ ጋ ስደርስ የቀረ ነገር የለም፤
ዙር፣ ዙር፣ ክፍት።
መብራት በጠፋ ማታ፣ በሐምሌ ዝናብ፣
አንዴም ከሰርግ ስመለስ፣
እግሬ ሲሳሳት እሱ አልተሳሳተም።

አሁን ጀሞ ነኝ፣ አራተኛ ፎቅ።
ቁልፉ ቀላል ነው፤ ወደ ቀኝ፣ አንዴ፣ ቀጭ።
እጄ ግን በየማታው በግራ ይጀምራል፣
ጎረቤቴ አቶ ደርሶልኝ በሩን ገርበብ አድርገው
«ዛሬም እምቢ አለዎት?» ይላሉ።
«ዛሬም» እላለሁ።

ለአስካለ ከፍዬ ወጣሁ።
ታክሲ ልይዝ ነበር፣ እግሬ በዚያ በኩል አለ።
አጥሩ አዲስ ቆርቆሮ ነው፣
ከኋላው ሰማይ ብቻ፣ አንድ የቆመ ክሬን።
ወርቅ ቤቶቹ የነበሩበት ጋ ስደርስ
ኪሴ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።
አየሁት አልልም፣ ጨርቅ ሸፍኖታል፤
መዳፌ ነው፣
ቀስ እያለ
ወደ ሰማይ ዞረ።